የማንቲስ ሽሪምፕ ገንዳ አልጌ ሲወርረው የማይደረጉ ነገሮች

ማንቲስ ሽሪምፕ (በፊት ክንዱ እየመታ የሚያድን የባሕር እንስሳ) የሚያሳድግ ሰው ከሌላው የጨው ውሃ አኳሪየም ባለቤት የሚለይበት አንድ ነገር አለ። አልጌ፣ ማለትም ድንጋይና መስታወት የሚሸፍነው አረንጓዴ ነገር፣ ሲመጣበት የማጽዳቱን ሥራ ለሌላ እንስሳ መስጠት አይችልም። ሌላው ሰው ቀንድ አውጣና ትናንሽ ሸርጣን ገዝቶ ይለቃል፤ እነሱም ድንጋዩን ይግጡለታል። እዚህ ግን የገባው ሁሉ ይበላል። አብዛኞቹ ስህተቶች ይህን ካለመቀበል የሚመጡ ናቸው።

ቀንድ አውጣ እየገዙ መጨመር

በአኳሪየም በብዛት የሚታወቀው ፒኮክ ማንቲስ ነው። እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። የፊት ክንዱ ጫፍ የቅርፊት መስበሪያ ነው፤ ሲመታ ፍጥነቱ በሴኮንድ እስከ 23 ሜትር ይደርሳል። ሸርጣኖቹ አስቀድመው ያልቃሉ። ቀንድ አውጣው ግን አንዳንዴ ይሰነብታል። ማንቲሱ ከጠገበ ለቀናት ላይነካው ይችላል። ያኔ ሰው "የእኔው እንኳ ጨዋ ነው" ብሎ ሌላ አምስት ስድስት ይጨምራል። ከዚያ አንድ ሌሊት ከገንዳው ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጠዋት የጉድጓዱ ደጃፍ በቅርፊት ስብርባሪ ተሞልቶ ይገኛል።

ኪሳራው የቀንድ አውጣው ዋጋ ብቻ አይደለም። ስብርባሪው ላይ የቀረው ሥጋ ድንጋይ ስር ገብቶ ይበሰብሳል። አልጌውን ይበላል ተብሎ የተገዛው እንስሳ አልጌውን ይመግባል ማለት ነው። ቀንድ አውጣ የግድ ካስፈለገ ቦታው ታች ሳምፑ (ከዋናው ገንዳ ጋር በቱቦ የተያያዘው የማጣሪያ ገንዳ) ውስጥ ነው፤ ማንቲሱ እዚያ አይደርስም። በዋናው ገንዳ ውስጥ የመትረፍ ዕድል ያላቸው እንደ ኮፔፖድና አምፊፖድ ያሉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። በማንቲሱ ለመመታት እንኳ ያንሳሉ።

ትርፍራፊን መርሳት

ከሁሉም ስህተት የሚብሰው ይህ ይመስለኛል። አልጌ የሚኖረው በናይትሬትና በፎስፌት ነው። ሁለቱም በብዛት የሚገቡት በምግብ በኩል ነው፤ ማንቲስ ደግሞ ሥጋ በል ነው። ያደገ ፒኮክ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ አንድ ቁራጭ ሽሪምፕ ወይም ክላም (ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ) ይበቃዋል። ሲመታ ማየት ደስ ስለሚል በየቀኑ የሚሰጡት ግን ብዙ ናቸው። የቀዘቀዘ ምግብም ከነሟሟ ውሃው መግባት የለበትም። ወንፊት ላይ ያሟሙት፣ በንጹህ ውሃ ያለቅልቁት፣ ከዚያ በረጅም ወረንጦ ይስጡት።

በማግስቱ ደግሞ የተረፈውን ይፈልጉ። ማንቲሱ ምግቡን ወደ ጉድጓዱ ጎትቶ ስለሚበላ፣ ገንዳው ከፊት ሲታይ ንጹህ ሊመስል ይችላል። ፒኮክ የሚቆፍረው ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ሁለት አፍ አለው። በአንዱ አፍ በረጅም ፒፔት ውሃ ቀስ አድርገው ቢነፉ፣ የተጠራቀመው ቆሻሻ በሌላው በኩል ይወጣል። መሳቢያውን ቱቦ እዚያ ይያዙ። የሚወጣውን ቡናማ ደለል ሲያዩ አልጌው ከየት ይበላ እንደነበር ይገባዎታል። ደጃፉ ላይ የተጣለውን ቅርፊት በወረንጦ ይልቀሙት።

"አልጌ ገዳይ" መድኃኒት መጨመር

እዚህ ላይ ድርድር የለም። ብዙ የአልጌ መድኃኒቶች በውስጣቸው መዳብ አለ። የማንቲስ ደም ራሱ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው መዳብ ባለው ፕሮቲን ነው፤ ውሃ ውስጥ የሟሟ መዳብ ግን ይገድለዋል። ጠርሙሱ ላይ "ኮፐር" የሚል ቃል ካለ ወደ ገንዳው አያስጠጉት። ያገለገለ ገንዳ ወይም ድንጋይ ሲገዙም ጠይቁ፤ ቀድሞ ዓሣ በመዳብ ታክሞበት ከሆነ ድንጋዩና አሸዋው መዳቡን ይዘው ይቆያሉ።

መብራቱን የኮራል ገንዳ ይመስል ማብራት

የማንቲስ ገንዳ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ብዙ ጊዜ ብርሃን የሚፈልግ ኮራል የለበትም። ስለዚህ መብራቱን እንደፈለጉ መቀነስ ይችላሉ፤ ብዙዎች ይህን ዕድል አይጠቀሙበትም። ፒኮክ በባሕር እስከ 40 ሜትር ጥልቀት ድረስ የሚኖር እንስሳ ነው። ደብዘዝ ያለ ብርሃን በቀን 6 ሰዓት ይበቃዋል። ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች ኃይለኛ መብራትን ቅርፊቱን ከሚበላው በሽታ ጋር ያያይዙታል፤ ስለዚህ መቀነሱ ለእሱም ደግ ነው።

አልጌው ከባሰ ለ3 ቀን ሙሉ ጨለማ ማድረግ ይቻላል። ግን አስቀድመው ፀጉር መሰሉን አልጌ በእጅ ነቅለው ያውጡ። ካልሆነ እዚያው ሞቶ ይበሰብስና የያዘውን ምግብ ሁሉ ለውሃው ይመልሳል።

ቴስቱ ዜሮ ስላለ መዝናናት

ድንጋዩ አረንጓዴ ለብሶ የፎስፌት ቴስት ዜሮ ሲያሳይ ሰው ግራ ይጋባል። ቴስቱ የሚለካው ውሃው ውስጥ የቀረውን ነው። አልጌው የወሰደውን አያይም። በተቃራኒው፣ ፎስፌት ማስወገጃ በብዛት ጨምሮ ሁሉንም በአንዴ ዜሮ ማድረግም መፍትሔ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ዝልግልግ ቡናማ ነገር ቦታውን ሊይዝ ይችላል፤ እሱን ማጥፋት ደግሞ ከአልጌው ይከብዳል። ፎስፌት በሊትር ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ቢሆን ጥሩ ነው። ወደዚያ ቀስ ብለው ይውረዱ።

ለዚህ ሥራ በጣም የምወደው ሳምፕ ውስጥ የሚያድገው ኬቶሞርፋ የሚባለው ክር መሰል አረንጓዴ ነገር ነው። እሱም አልጌ ነው፤ ግን እርስዎ በመረጡት ቦታ ያድጋል። የራሱን መብራት ሌሊት ያብሩለት። ሲበዛ ግማሹን ቆርጠው ይጣሉ፤ የጠጣው ናይትሬትና ፎስፌት አብሮት ይወጣል።

የቧንቧ ውሃ

ውሃው ሲተን በቧንቧ ውሃ መሙላት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማዳበሪያ እንደ መጨመር ነው። በአርኦ ዲአይ (ውሃ ውስጥ የሟሟውን በሚያስቀር ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ። የቲዲኤስ (ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር መጠን) መለኪያው ከዜሮ ከፍ ማለት ሲጀምር ማጣሪያውን ይቀይሩ።

እጅን ከትቶ መፈተግ

መስታወቱን በማግኔት ማጽጃ ወይም ረጅም እጀታ ባለው መፋቂያ ያጽዱ። ድንጋይ ማውጣት ካስፈለገ በመጀመሪያ ማንቲሱ የት እንዳለ በዓይንዎ ይዩ። በተለይ ከፍሎሪዳና ከካሪቢያን አካባቢ በሚመጣ ላይቭ ሮክ (ሕይወት ያለበት የባሕር ድንጋይ) ውስጥ ተደብቀው የሚገቡት ትናንሾቹ ዝርያዎች ድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ድንጋዩን ስታነሱ እሱም አብሮ ይነሳል፤ ጣትም ይሰነጥቃል። የወጣውን ድንጋይ ከገንዳው በተቀዳ የጨው ውሃ ባልዲ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ይፈትጉት። ጉድጓዱ ያለበትን ድንጋይ ግን ተዉት።

ቅርፊት በሚቀይርበት ጊዜ ማጽዳት

ማንቲሱ ምግብ ከተወና የጉድጓዱን አፍ በጠጠር ከዘጋ፣ ቅርፊቱን ሊቀይር ነው። የታመመ መስሏቸው ጠጠሩን የሚያነሱ አሉ። እባካችሁ አታንሱ። በዚያ ወቅት ሰውነቱ ለስላሳ ነው፤ ተረብሾ ቢመታ ክንዱን ሊጎዳ ይችላል። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ መንፋትም፣ ብዙ ውሃ በአንዴ መቀየርም ይቆይ። መብራቱን ቀንሱና አልጌውን ተዉት። ሌላ ጊዜ ጀርባው ላይ አረንጓዴ ነገር ካያችሁም አትፈትጉት፤ ከአሮጌው ቅርፊት ጋር አብሮ ይወልቃል። በሩን ከፍቶ ወጥቶ መብላት ሲጀምር ወረንጦና ቱቦውን ታነሳላችሁ።