እጣው ሁለቴ ወጣ፦ ዳታቤዝ የሚነካ ኮድን እንዴት ቴስት እንደማደርግ

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ እሁድ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። የእቁብ ጸሐፊያችን ነበረች። «ወንድሜ፣ ይሄ ሲስተምህ ሁለት ሰው አወጣብኝ!» 40 አባል ያለው፣ በሳምንት 1,000 ብር የሚጣልበት እቁብ ነው። በሳምንት አንድ እጣ፣ 40,000 ብር። እሷ ግን ሁለት ስም ይታያታል፤ ባለ እጣዎቹ ደግሞ ሁለቱም ፊቷ ተቀምጠዋል። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍባት «እጣ አውጣ» የሚለውን ሁለቴ ነክታዋለች። በቃ፣ ጥፋቷ ይኸው ነው። ጥፋትም ከተባለ።

ማታ ቴስቶቼን፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን ትንንሽ ኮዶች፣ አስኬድኳቸው። ሁሉም አረንጓዴ። «በአንድ ዙር አንድ እጣ ብቻ» የሚል ቴስት ጭምር ነበረኝ፤ እሱም አልፏል። ለካ የፈተንኩት ዳታቤዙን አልነበረም። ዳታቤዝ መስሎ የሚተውን፣ እኔው የጻፍኩትን የፓይተን ዲክሽነሪ ነው። ሞክ የምንለውን። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አላስተማርኩትም።

ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደምሠራ ልንገራችሁ። እኔ የምጠቀመው የፓይተን ቋንቋንና ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ ነው፤ በሌላ ቋንቋም ሐሳቡ ያው ነው።

መጀመሪያ ዳታቤዝ የማያስፈልገውን ኮድ ለዩ። የቅጣት ስሌት፣ እጣውን ግማሽ ግማሽ ለያዙ ሁለት ሰዎች ብሩን ማካፈል፣ እነዚህ ተራ ሒሳብ ናቸው። ቁጥር ተቀብሎ ቁጥር የሚመልስ ፈንክሽን አድርጓቸውና ለብቻቸው ፈትኗቸው። የክፍያ አገልግሎቱንና አጭር መልዕክት የሚልከውን ክፍል ሞክ አድርጉት፤ በእያንዳንዱ ቴስት ለጸሐፊዋ መልዕክት እንዲደርሳት አንፈልግም። ዳታቤዙን ግን ሞክ አታድርጉ።

ለቴስት እውነተኛውን ዳታቤዝ አስነሡ

«በኤስኪውላይት ብፈትንስ? ቀላልና ፈጣን ነው» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። ኤስኪውላይት ጥሩ ዳታቤዝ ነው፤ ግን ፖስትግሬስ አይደለም። ካላበራችሁለት በቀር ፎሪን ኪይ (አንዱ ሰንጠረዥ የሚጠቅሰው ነገር በሌላው ውስጥ መኖር አለበት የሚለውን ደንብ) አያስከብርም። ስለዚህ ዋሱ በአባላት ሰንጠረዥ ውስጥ የሌለ ሰው ዝም ብሎ ይመዘገባል። ስም ከ50 ፊደል አይብለጥ ብትሉት 200 ፊደል ይቀበላል። ፖስትግሬስ ሁለቱንም አይቀበልም። በአንዱ ፈትኖ በሌላው ማሰማራት ለቡና የተሰጠ ፈተና አልፎ ለሻይ እንደመቀጠር ነው።

ስለዚህ ፖስትግሬስን በዶከር (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ነገር ለብቻው በሚያስነሣው መሣሪያ) አስነሣለሁ። ሰርቨሩ ላይ የፖስትግሬስ ቨርዥን 16 ካለ ላፕቶፔም ላይ 16 ነው። ኢሜጁን፣ ዶከር የሚያስነሣውን ጥቅል፣ ጥሩ ኢንተርኔት ባገኛችሁበት ቀን አንዴ አውርዱት፤ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ፍጥነት ከፈለጋችሁ የዳታ ፎልደሩን ራም ላይ አድርጉትና ኤፍሲንክ የሚባለውን ቅንብር አጥፉ። ኤፍሲንክ የተጻፈው ነገር በእርግጥ ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠው ነው። የቴስት ዳታ መብራት ሲጠፋ አብሮ ቢጠፋ ምንም አይደል። ሰርቨር ላይ ግን እንዳትነኩት!

ሰንጠረዦቹን በእጃችሁ አትፍጠሩ። ሰርቨሩ ላይ የምታስኬዷቸው ሚግሬሽኖች (ሰንጠረዦችን የሚፈጥሩና የሚቀይሩ ፋይሎች) ራሳቸው የቴስቱንም ዳታቤዝ ይሥሩት። ከሚግሬሽኖቹ አንዱ የተበላሸ ከሆነ እዚሁ ይታወቃል።

አንድ ጥበቃም ጨምሩ። ቴስቱ ሲነሣ መጀመሪያ የተገናኘበትን ዳታቤዝ ስም ይጠይቅ፤ ስሙ «ቴስት» በሚል ካላለቀ ወዲያው ይቁም። ሦስት መስመር ኮድ ነው። እኔ የጻፍኩት አንድ ቀን የተሳሳተ የኮኔክሽን አድራሻ ተርሚናሌ ውስጥ ቀርቶ፣ ሰንጠረዥ ሊያጸዳ የነበረውን ቴስት በመጨረሻው ሰከንድ ካስቆምኩት በኋላ ነው። እጄ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንቀጠቀጥ ነበር።

እያንዳንዱ ቴስት ጽፎ ያጥፋ

አንዱ ቴስት የመዘገበውን አባል ሌላው ካገኘው፣ ዛሬ ያለፈው ነገ ይወድቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቴስቱ ሲጀምር ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ትዕዛዞች) ክፈቱ፣ ሲያልቅ ሮልባክ አድርጉ፣ ማለትም ሁሉንም ሰርዙ። ጃንጎ የሚባለውን የፓይተን የድረገጽ መሥሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ቴስትኬዝ የሚባለው ክላስ ይህን ራሱ ይሠራላችኋል።

ይህ ዘዴ ግን የራሱ ጉድ አለው። አይዲ የሚሰጠው ቆጣሪ ሮልባክ ሲደረግ ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ «የመጀመሪያው አባል አይዲው 1 ነው» ብላችሁ አትጻፉ። ናው የሚለው የፖስትግሬስ ፈንክሽንም ትራንዛክሽኑ የጀመረበትን ሰዓት ነው የሚመልሰው። በአንድ ቴስት ውስጥ አምስት ክፍያ ብትመዘግቡ አምስቱም ያንኑ ሰዓት ይይዛሉ። «የመጨረሻው ክፍያ የቱ ነው?» የሚለው ቴስቴ አንዴ እያለፈ አንዴ እየወደቀ ሁለት ቀን በልቶብኛል። ሌላው፣ ኮሚት ሲደረግ (ለውጡ ሲጸድቅ) ብቻ የሚመረመሩ ገደቦች ካሏችሁ፣ ኮሚት ስለማይኖር በራሳቸው አይመረመሩም፤ የጃንጎው ቴስትኬዝ ግን ቴስቱ ሲያልቅ ይመረምራቸዋል።

ሁለቴ የተነካው ቁልፍ

አሁን ወደ እሁዱ ጉድ። የእኔ ኮድ መጀመሪያ «የዚህ ዙር እጣ ወጥቷል?» ብሎ ይጠይቃል። ካልወጣ ያወጣል፣ ይመዘግባል። በጥያቄውና በምዝገባው መካከል ሁለተኛው ጥያቄ ገባ። ሁለቱም «አልወጣም» የሚል መልስ አገኙ፤ ሁለቱም አወጡ።

መድኃኒቱ ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ነው፦ እቁቡና ዙሩ አንድ ላይ እንዳይደገሙ የሚከለክል የዩኒክ ገደብ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ሲመጣ ፖስትግሬስ የመጀመሪያው እስኪወስን ያስጠብቀዋል። የመጀመሪያው ኮሚት ካደረገ ሁለተኛው ይከለከላል፤ ሮልባክ ካደረገ ያልፋል።

ቴስቱን እንዲህ ጻፉት። ሁለት ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሥራዎች) አስነሡ። እያንዳንዱ የራሱ ኮኔክሽን ይኑረው፤ አንዱን ከተጋሩ ቴስቱ ዋጋ የለውም። የፓይተንን ባሪየር፣ ሁለቱም እስኪደርሱ የሚያቆማቸውን፣ በጥያቄውና በምዝገባው መካከል አስገቡት። ሁለቱም «አልወጣም» ብለው ካዩ በኋላ አብረው ይለቀቁ። ለምሳሌ ለ7ኛው ዙር እጣ ያውጡ። ከዚያ ሰንጠረዡ ውስጥ ለ7ኛው ዙር ስንት ረድፍ እንዳለ ቁጠሩ፤ አንድ መሆን አለበት። የተከለከለው ትሬድ ያገኘውን መልስም እዩ። «የዚህ ዙር እጣ ወጥቷል» የሚል መሆን አለበት እንጂ ጸሐፊዋን የሚያስደነግጥ የእንግሊዝኛ ስህተት አይደለም።

እዚህ ጋ ሮልባኩ አይሠራም፤ ትሬዶቹ እውነተኛ ኮሚት ማድረግ አለባቸው። ስለዚህ ይህን ቴስት ለይታችሁ አስቀምጡት፣ ሲያልቅም ሰንጠረዦቹን ባዶ አድርጉ። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ እንዳይቀር ለትዕዛዞቹ የአምስት ሰከንድ ገደብ ስጡ። በመጨረሻም የዩኒክ ገደቡን ለጊዜው አውጥታችሁ አስኪዱት። መውደቅ አለበት። ያለ ገደቡም ካለፈ ባሪየሩ ያለቦታው ነው፤ ቴስታችሁ ምንም እየፈተነ አይደለም።

ስለ ቴስት ዳታ

የደንበኛን እውነተኛ ዳታ ገልብጣችሁ አትጠቀሙ። ስልክ ቁጥር አለበት፣ የሰው ገንዘብ አለበት። ይልቅ «አባል ፍጠር» የሚል ትንሽ ፈንክሽን ጻፉ። ሁሉን በነባሪ ይሙላ፤ ቴስቱ የሚመለከተውን ብቻ ይቀይር። ስሞቹን ግን አስቡባቸው። እኔ ዘንድ «ፀሐይ»ና «ጸሀይ»፣ «ዓለሙ»ና «አለሙ» ሁሌም አሉ። ጸሐፊዋ በአንዱ ፊደል መዝግባ በሌላው ትፈልጋለች፤ ፍለጋው ካላገኘው አንድ አባል ሁለቴ ይመዘገባል።

ሰዓትም እንዲሁ። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚቆጥረው፣ እኛ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። የእሁዱን ክፍያ ሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የላከ ሰው ለሰርቨሩ ገና እሁድ ነው፤ ቅጣቱን ያመልጣል። ስለዚህ ኮዱ ሰዓቱን ራሱ ከማየት ይልቅ ከውጭ ይቀበል። ያኔ ከሌሊቱ 5፡59 እና 6፡01 ላይ ሁለት ክፍያ አስገብታችሁ ትፈትናላችሁ። ወርኃዊ እቁብ ካላችሁ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ጨምሩ። ያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ሴፕቴምበር 11 ብሎ የደመደመ ኮድ እዚያ ላይ ይያዛል።

ምንም ቴስት የሌለው አሮጌ ኮድ ከተረከባችሁ ሁሉንም ልሸፍን አትበሉ። ባለፈው ወር ስልክ ያስደወለባችሁን ስህተት ምረጡ። ዶከሩን አስነሡና ስህተቱን የሚደግም አንድ ቴስት ጻፉ። ሲወድቅ አይታችሁ ከዚያ ኮዱን አስተካክሉ። እኔም በዚያች እሁድ ማታ የጀመርኩት በዚሁ ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወደቀልኝ።