ሐረጎ ላይ መኪና ለሚፈላባችሁ፦ ራዲያተር ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን እዩት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ ኮፈኑን ከፍቶ ሃይላንድ ውሃ ይዞ ዳር ላይ የቆመ መኪና አይጠፋም። እኔም ቆሜ አውቃለሁ። ኮሮላዋ ላይ አንድ ኩንታል ጤፍና ሶስት ሰው ጭኜ ዳገቱ ግማሽ ላይ ስደርስ የሙቀት ጌጁ ቀዩን ነካ፣ ከኮፈኑ ስር እንፋሎቱ ቦለል አለ፣ ቆሜ ጠብቄ ጠብቄ ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ስከፍተው ምን ባገኝ ጥሩ ነው፣ የተቀቀለ ፌስታል! ለካ ከሳምንት በፊት ያስገባኋት ጋራዥ ክዳኑ ሲላላባቸው ፌስታል ጠቅልለው ከድነውልኝ ኖሯል። ከዛ በፊት ደግሞ በዚሁ ሙቀት ምክንያት ራዲያተር አሳጥቤያለሁ፣ ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተውን ቫልቭ) አስወጥቼያለሁ፣ የውሃ ፓምፕ ቀይር ተብዬ ልገዛ ነበር። ጥፋቱ ግን ከሁሉም የረከሰችው ዕቃ፣ ክዳኗ ነበረች።

ብዙ ሰው የራዲያተር ክዳን እንደ ጀሪካን ክዳን ውሃው እንዳይፈስ ብቻ የሚደፈን ይመስለዋል። አይደለም፣ ስራው ግፊት መያዝ ነው። ውሃ ባህር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል አይደል፣ ወደ ላይ ስትወጡ ግን በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ነው፣ እዛ ውሃ በ94 ገደማ ይፈላል፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ በ92 ገደማ። ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖ የሚሰራው በ90 ምናምን ላይ ነው። ስለዚ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ምንም ያልነካው ሞተር ራሱ ደሴ ላይ ውሃውን ያፈላዋል ማለት ነው። ጤነኛ የ0.9 ክዳን (ቁጥሩ የሚይዘው ግፊት ነው) ግን እዚሁ ደሴ ላይ መፍያውን ከ110 በላይ ያሻግረዋል። ጅቡቲ ድረስ ሲወርድ ችግር የማያሳይ መኪና ሲመለስ ሐረጎ ላይ ቢፈላ የሚገርም ነገር የለውም።

ክዳኑን ቀዝቅዞ አውጡና ገልብጣችሁ እዩት። ስሩ ያለው ጎማ ከደረቀ ወይ ከተሰነጠቀ፣ ስፕሪንጉ በአውራ ጣት ሲጫኑት ያለ ትግል ከገባ፣ መሀል ያለችው ትንሽዬ ቫልቭ በጥፍር ስትሳብ ወጥታ ተመልሳ ካልገባች ጣሉት። መኪናው አድሮ ጠዋት የላይኛው ትልቅ ቱቦ ተጠፍጥፎ ካገኛችሁት ያቺ ትንሽ ቫልቭ ተጣብቃለች። አናቱ ላይ ቁጥር አለው፣ 0.9 ከሆነ 0.9 ግዙ፣ 1.1 ከሆነ 1.1፣ ከፍ ያለው ይሻላል ብላችሁ አትቀይሩ፣ ያረጀ ቱቦ ያፈነዳባችኋል።

አሁን መንገድ ላይ ሲፈላ። ጌጁ መውጣት ሲጀምር ገና ቀይ ሳይደርስ ኤሲ ዝጉ፣ ማሞቂያውን እስከመጨረሻው ክፈቱ፣ አዎ ተሳፋሪ ያማርራል፣ ያማርር፣ ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነው የሞተሩን ሙቀት ይስብላችኋል። ማርሽ ቀንሱ፣ አትጫኑት። ካልወረደ ወይ እንፋሎት ካያችሁ ዳር ያዙ፣ ሞተር አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን፣ ጎማ ስር ድንጋይ። (ስትሄዱ ድንጋዩን አንሱት በሞቴ፣ መንገድ ላይ ጥለውት የሚሄዱ ሰዎች እኮ ማታ ለሚመጣው ሰው ወጥመድ ነው ያጠመዱት።) ከዛ መጠበቅ። እኔ የዛን ቀን ቸኩዬ ጨርቅ ይዤ ወደ ክዳኑ ስሄድ አህያ እየነዱ ያለፉ አንድ አባት ቆም ብለው «ተው ልጄ፣ ፊትህ ይላጥ? አቦሉን ጠጥተህ ቶናው እስኪደርስ ታገስ» አሉኝ። ትክክለኛ ልኬት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቢያንስ። የላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ጨበጥ አርጉት፣ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ገና ነው፣ ለስልሶ ከገባላችሁ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሩብ ዙር አዙሩት፣ ፍስስ ብሎ ሲጨርስ ክፈቱ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ አንዴ አትገልብጡ፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሰነጠቃል ወይ ይጣመማል፣ ሞተሩን አስነስታችሁ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ።

ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፣ መቼ ነው የሚሞቀው? ይሄ ጥያቄ ግማሹን ስራ ይጨርስላችኋል።

ፒያሳ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚሞቅና መንገድ ሲከፈት የሚወርድ ከሆነ ፋን ነው። ሲሮጥ ንፋሱ ያበርደዋል፣ ሲቆም የሚያበርድለት የለም። ቪትዝና ኮሮላ ላይ ፋኑ በኤሌክትሪክ ስለሆነ መፈተሻው ቀላል ነው፣ ሞተር አስነስታችሁ ኤሲ ክፈቱ፣ ፋኑ መዞር አለበት። በኤሲ ዞሮ በሙቀት የማይነሳ ከሆነ ሙቀት የሚያነበው ሴንሰር ወይ መስመሩ ነው። በኤሲም ካልዞረ ፊውዝ እዩ፣ ሪሌዩን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያበራለትን ትንሽ ሳጥን) እሱን ከሚመስል ከሌላ ጋር አቀያይሩ፣ ካልሆነ የፋኑን ሶኬት ነቅላችሁ ከባትሪ በቀጥታ ሽቦ ስጡት፣ ዝም ካለ ሞተሩ ሞቷል። እጃችሁን ግን ጠብቁ፣ አንዳንዱ መኪና ቁልፍ ተነቅሎም ቢሆን ሲሞቅ በራሱ ይነሳል። ዶልፊንና ሃይሉክስ ያላችሁ ፋናችሁ የሚዞረው ከሞተሩ ጋር በፋን ክላች ነው፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፍታችሁ ፋኑን በእጅ ስታዞሩት ከበድ ማለት አለበት፣ እንደ ልጆች መጫወቻ ብዙ ዙር ከተሽከረከረ ውስጡ ያለው ዘይት አልቋል፣ ክላቹ ይቀየራል።

ፒያሳ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ጭነት ሲይዝ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ ከክዳኑ ቀጥሎ ራዲያተሩን ጠርጥሩ። ከውጪ ጀምሩ። አዝመራ ሲሰበሰብ አውድማ አጠገብ የሚያልፍ መኪና እብቁና ገለባው በኤሲው ማቀዝቀዣና በራዲያተሩ መሀል ይጠቀጠቃል፣ ከፊት ስታዩት ንጹህ ይመስላል፣ መሀሉ ግን ፍራሽ ነው። ከሞተር ወገን ወደ ውጪ በለስላሳ ውሃ እጠቡት። ላቫጆ ወስዳችሁ በዛ ግፊት እንዲያጥቡት ካረጋችሁ ክንፎቹ ይታጠፉና ንፋስ የሚባል አያልፍም፣ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። ለውስጡ ደግሞ ሞተሩን አሙቃችሁ አጥፉና የፋኑን ሶኬት ንቀሉ፣ ከዛ የራዲያተሩን ፊት በእጅ ዳብሱት፣ መሀል ላይ ቀዝቃዛ ቦታ ካገኛችሁ እዛጋ ተደፍኗል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያ ስር የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ፣ የምንጭ ውሃ ዓመት ሙሉ ስትሞሉበት ራዲያተሩ ውስጥም እሱ ነው የሚጋገረው፣ ዝገቱ ሲጨመርበት ደግሞ በቃ። ትንሽ ከሆነ እጥበት ይለቀዋል፣ ከጠና ራዲያተር ሰሪ ጋ።

ቴርሞስታት ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እዚህ አገር ትልቁ በደል የሚፈጸመው እሱ ላይ ነው። መኪና ሞቀ ሲባል «እሱን አውጥተን እንጣለው፣ ለቀዝቃዛ አገር ነው የተሰራው» ይሏችኋል። ኧረ ደሴ ሙቅ አገር ናት እንዴ? ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ሸዋ በር የምትደርሱት፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሞተሩም ቶሎ ያረጃል። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ስለሚዞር ጭራሽ ሙቀት ይጨምራል። ከተጠራጠራችሁ ፈትሹት። አውጡና በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውስጥ ውሃ ጣዱበት፣ የድስቱን ስር እንዳይነካ። 82 የተጻፈበት በ82 አካባቢ መከፈት ይጀምራል፣ ሙሉ የሚከፈተው ግን ወደ 95 ገደማ ነው። እዚጋ ልብ በሉ፣ ደሴ ላይ የድስት ውሃ 92 ላይ ስለሚፈላ ከዛ አያልፍም፣ ስለዚ ቴርሞስታቱ በከፊል ቢከፈት ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ውሃው ሲንተከተክ ጭራሽ ካልተከፈተ ወይ ገና ከዕቃው ሲወጣ ተከፍቶ ካገኛችሁት ግን ቀይሩ። ስትመልሱት የምትንቀሳቀሰው ትንሽ ቀዳዳዋ ወደ ላይ ትሁን፣ አየር የሚያልፈው በእሷ ነው፣ ጋስኬቱንም (ማሸጊያውን) አዲስ አርጉ።

ፓምፑን በአጭሩ፣ ከስሩ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ካንጠባጠበ፣ ወይ ሞተር ጠፍቶ ፑሊውን ስትነቀንቁት ከተወዛወዘ፣ ወይ ጉርርር የሚል ድምጽ ካለው ተበልቷል። ቺንጊያውም ከላላ ፓምፑን በደንብ አያዞረውም፣ መሀሉን በአውራ ጣት ስትጫኑት 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢረግብ ደህና ነው፣ ከዛ ካለፈ ወጥሩት፣ ከተሰነጣጠቀ ቀይሩት። ቱቦዎቹንም ጨበጥ ጨበጥ አርጉ፣ ያበጠና የተሰነጠቀ ካለ ፋሸታውን (ቱቦውን የሚያጠብቀውን ቀለበት) ፈታችሁ መቀየር ነው።

የማልወደው ክፍል ላይ ደረስን። ውሃ ያጎድላል ግን የሚያፈስበት ቦታ አይታይም፣ ጠዋት ቀዝቃዛውን አስነስታችሁት አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የላይኛው ቱቦ ይጠነክራል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሲሰራ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል አያቆምም፣ ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ነጭ ጭስ ያወጣል ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አይተውም። የቴስታታ ጋስኬት ነው። የዘይቱን መለኪያ አውጡና እዩት፣ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃና ዘይት ተደባልቋል፣ ከዚህ በኋላ አትንዱት፣ አስጎትቱት። ይሄን ቤት አትሞክሩት፣ ስታሰሩት ግን አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፣ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀጥ ማለቱ ይለካ። ሳይለካ ጋስኬት ብቻ ቀይረው የሰጡት ሰው ከወር በኋላ እዛው ሐረጎ ላይ ታገኙታላችሁ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ አሞላሉን የሚያውቅ ትንሽ ነው፣ ግማሹ «ሰርቼው ድጋሚ ፈላብኝ» የሚለው አየር ስላላወጣ ነው። ትናንሽ መኪኖች ከ4 እስከ 6 ሊትር ይይዛሉ። ኩላንት (ለራዲያተር የሚሸጠውን ፈሳሽ) እና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ደባልቁ፣ ተደባልቆ የሚሸጥም አለ እሱን በላዩ ውሃ አትጨምሩበት። የድሮውን ስታፈሱ በሰሃን ተቀበሉ፣ ጣፋጭ ነው መርዝ ነው፣ ፍየልም ውሻም ቢልሰው ይገድለዋል፣ ቦይ ውስጥ አትድፉት። ከዛ መኪናዋን አፍንጫዋ ወደ ላይ እንዲሆን ዳገት ላይ አቁሙ፣ ደሴ ይሄን ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም፣ ማሞቂያውን ሙሉ ክፈቱ፣ ቀስ እያላችሁ እስከ አፉ ሙሉና ክዳኑን ሳትከድኑ አስነሱ። ቱቦዎቹን እየጨመቃችሁ አየሩን አስወጡ፣ ውሃው ሲወርድ ሙሉ። የላይኛው ቱቦ ድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፈተ ማለት ነው፣ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ሞልታችሁ ክደኑ፣ ሪዘርቩንም (አጠገቡ ያለውን የፕላስቲክ ዕቃ) እስከ መስመሩ። ማሞቂያው ቀዝቃዛ ንፋስ ከሰጠ አየር ገና አለ፣ ድገሙት።

ለ3 ቀን ጠዋት ጠዋት ሳታስነሱ ሪዘርቩን እዩ። ከወረደ ማታ ከሞተሩ ስር ካርቶን አንጥፋችሁ እደሩ፣ ጠዋት የረጠበው ቦታ ትክክል ከላዩ ያለውን ዕቃ እዩት፣ እሱ ነው የሚያፈሰው።