የትራክተር ኤሲ አልቀዘቅዝ ሲል ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት

ግንቦት ላይ ሁመራ ወይ መተማ ያረሰ ሰው ያውቀዋል፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ጋቢናው ደግሞ ዙሪያውን መስታወት ነው፣ ኤሲው እምቢ ካለ በር ከፍቶ መንዳት ይመጣል ከዛ አቧራው ኦፕሬተሩን ይጨርሰዋል። ያኔ ሁሉም የሚለው "ጋዝ አልቋል" ነው። ጋዝ እኮ እንደ ናፍጣ እየተቃጠለ አያልቅም፣ ከጎደለ የሆነ ቦታ ሾልኮ ነው። እኔ አንዴ ከፍዬ አስሞልቼ በማግስቱም ያው ሙቅ አየር፣ በኋላ ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪ ሳበራ ኮንደንሰሩ (የጋዙን ሙቀት ወደ ውጪ የሚያወጣው ራዲያተር መሳይ) በአፈርና በገለባ ተደፍኖ ብርሃን እንኳ አያሳልፍም ነበር።

ስለዚህ ከኮንደንሰሩ ጀምሩ። ሞተር አጥፉና ቀዝቀዝ ይበል፣ በብዙ ትራክተር ላይ ከራዲያተሩ ፊት ነው ያለው፣ የሚከፈት ወይም የሚሳብ ከሆነ አውጡት ምክንያቱም ዋናው ቆሻሻ የሚጠራቀመው በሁለቱ መሃል ነው። በኮምፕሬሰር አየር ከራዲያተሩ በኩል ወደ ውጪ ንፉት፣ ማለትም ፋኑ ከሚስብበት በተቃራኒ፣ አየሩ ግን ቀነስ ይበል ጫፉንም አታስጠጉት፣ ክንፎቹ ስስ አልሙኒየም ናቸው ይተኛሉ። ውሃ መጀመሪያ አትርጩ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ የጋቢናው ፊልትሮ። ከውጪ አየር የሚገባበት አለ፣ አብዛኛው ጋቢና ውስጥም ሌላ አለ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። የወረቀቱን አትጠቡት፣ ከንፁህ ጎኑ ወደ ቆሻሻው ንፉት፣ ከተቀደደ ቀይሩት።

አሁንም ካልቀዘቀዘ ሞተር አስነሱና አንድ ሰው ኤሲውን ይክፈት፣ እናንተ ከቺንጊያው ራቅ ብላችሁ ስሙ። የኤሲው ኮምፕሬሰር (ጋዙን የሚጨምቀው) ቀጭ ብሎ የፊቱ ሳህን አብሮ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዝ፣ ሪሌይ፣ የተበላ ሽቦ እዩ፣ ጋዝ በጣም ሲጎድልም የጋዙን ግፊት የሚጠብቀው የፕሬዠር ስዊች ራሱ ይቆርጠዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ መካኒክ አያየውም፣ የሂተሩ ቫልቭ በደንብ ሳይዘጋ ሲቀር የሞተሩ ሙቅ ውሃ ጋቢና ድረስ ይመጣና ኤሲው ያቀዘቀዘውን መልሶ ያሞቀዋል። ቁልፉ ቀዝቃዛ ላይ ሆኖ የሂተሩ ጎማ ቱቦ ሁለቱም ጫፍ የሚያቃጥል ከሆነ ቱቦውን ለጊዜው በክላምፕ ቆንጥጡትና ሞክሩ፣ ከቀዘቀዘ ችግራችሁ ቫልቩ ነው።

ጋዙ በእውነት ከጎደለ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ዘይት የያዘ ጥቁር አቧራ ፈልጉ፣ ሊክ ያለው እዛ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ለባለሙያ ስጡ፣ ቱቦ እንዳትፈቱ ጋዙ ሲወጣ አይንና ቆዳ በብርድ ያቃጥላል። ባለሙያውም ሊኩን ዘግቶ፣ እርጥበት የሚመጠውን ድራየር ቀይሮ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቫኪዩም ስቦ (ውስጡ ያለውን አየርና እርጥበት አውጥቶ)፣ በሚዛን ነው መሙላት ያለበት። የአር 134ኤ (የኤሲ ጋዝ ዓይነት ነው) ሲስተም ከሆነ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ስቲከሩ ላይ ተፅፏል፣ "በቃ እስኪቀዘቅዝ ልጨምር" የሚላችሁን አትቀበሉ፣ ሲበዛም አይቀዘቅዝም።

ትራክተሩ በሚቆምበት ወቅትም ቢያንስ በ15 ቀን አንዴ ኤሲውን ለ10 ደቂቃ ክፈቱት፣ የኮምፕሬሰሩ ጎሚኒ ዘይት ካላገኘ ይደርቅና ጋዙ በዛ በኩል ይወጣል።