የኤስዲአር ፍሪኩዌንሲ ሲስት፦ ቁጥር ከመቀየራችሁ በፊት የስህተቱን ዓይነት ለዩ

ኤስዲአር አብዛኛውን ሥራውን በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ሬዲዮ ነው። ስክሪናችሁ ላይ 145.500 ሜጋ ኸርዝ ተጽፎ ታያላችሁ። ይህን ቁጥር ሬዲዮው ለክቶ አላመጣውም። ፕሮግራሙ አስልቶ የጻፈው ነው። በተለመደው አርቲኤል ኤስዲአር ዶንግል፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ በሚሰካው ትንሽ ተቀባይ ውስጥ፣ ምት የሚሰጥ አንድ ትንሽ ክሪስታል አለ። ፕሮግራሙ ይህ ክሪስታል በትክክል 28.8 ሜጋ ኸርዝ ይሠራል ብሎ ይነሳና ሌላውን ሁሉ ከዚያ ያሰላል። ክሪስታሉ ትንሽ ከፈጠነ ወይም ከዘገየ የምታዩት ቁጥር ሁሉ አብሮ ይስታል።

የኤኤም ጣቢያ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ላያስተውለው ይችላል። አንድ ኪሎ ኸርዝ ቢዛነፍም ድምፁ ይመጣል። ደካማ ሲግናል ለሚከታተል ግን ጉዳዩ ከባድ ነው። እኔ ብዙ ሰዓቴን የማሳልፈው ዊስፐር በሚባለው የአማተር ሬዲዮ ሞድ ላይ ነው። በ20 ሜትር ባንድ ተቀባዩን 14.0956 ሜጋ ኸርዝ ላይ ታቆሙታላችሁ። ሲግናሎቹ የሚገኙት ስፋቱ 200 ኸርዝ ብቻ በሆነ ጠባብ መስኮት ውስጥ ነው። 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50) የሚስት ርካሽ ዶንግል እዚያ ላይ 700 ኸርዝ ገደማ ይዛነፋል። ሌሊቱን ሙሉ ከፍታችሁት ብታድሩ ፕሮግራሙ አንድም መልእክት አይፈታላችሁም። አንቴናው ደህና ነው፣ ገመዱም ደህና ነው። የሳተው ቁጥሩ ነው።

ፒፒኤም ማለት ከሚሊዮን አንድ ነው። 1 ፒፒኤም በ100 ሜጋ ኸርዝ ላይ 100 ኸርዝ ይሆናል፣ በ1000 ሜጋ ኸርዝ ላይ ደግሞ 1000 ኸርዝ። ፍሪኩዌንሲው ሲያድግ ስህተቱም አብሮ ያድጋል። ይህን ያዙልኝ፣ ሥራው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ቁጥሩ መሳቱን እንዳየ ወዲያው የፒፒኤም ሳጥኑን ከፍቶ ሲግናሉ ቦታው እስኪገባ ድረስ ይጨምራል ይቀንሳል። ለዚያች አንዷ ፍሪኩዌንሲ ይሠራል። ባንድ ሲቀይር ግን እንደገና ስቶ ያገኘዋል። ምክንያቱም ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ተለጠጠ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው፤ በረጅም ጨርቅ ላይ ብዙ ይስታል፣ በአጭሩ ላይ ጥቂት። ሁለተኛው ሜትሩ ደህና ሆኖ ከዜሮ ሳይሆን ከሁለት ሴንቲ ሜትር ላይ መለካት እንደመጀመር ነው፤ የትም ብትለኩ በዚያው መጠን ትስታላችሁ። የመጀመሪያው የክሪስታል ስህተት ነው፣ የሚታረመውም በፒፒኤም ነው። ሁለተኛው የሽግሽግ ስህተት ነው፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ሺፍት ወይም ኦፍሴት በሚለው ቦታ ይታረማል። አንዱን በሌላው መድኃኒት ማከም አይቻልም።

አሁን ወደ ሥራው። ዶንግሉን ሰክታችሁ ተቀባዩን አስጀምሩትና ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ክሪስታል ሲሞቅ ይንሸራተታል። የሙቀት ማካካሻ ያለው፣ ቲሲኤክስኦ የሚባለው ክሪስታል ያላቸው ዶንግሎች ብዙም አይንቀሳቀሱም፤ እነሱም ቢሆኑ ትንሽ መታገሥ አይጎዳቸውም።

ከዚያ ሁሉንም ወደ ዜሮ መልሱ። ፒፒኤም ዜሮ፣ ሺፍት ዜሮ። አፕኮንቨርተር (አጭር ሞገድን ከፍ ወዳለ ፍሪኩዌንሲ የሚያሻግር መሣሪያ) ካላችሁ ለጊዜው ንቀሉት። ስናፕ ቱ ግሪድ የሚለውን ምልክት አጥፉ። ይቺ ምልክት ብዙ ሰው ታሳስታለች። ዋተርፎሉ (ሲግናሎች እንደ ፏፏቴ የሚወርዱበት የስክሪኑ ክፍል) ላይ ስትነኩ ፕሮግራሙ የነካችሁትን ቦታ ትቶ በአቅራቢያው ወዳለው እርከን ይዘላል። እርከኑ 5 ኪሎ ኸርዝ ከሆነ የምታነቡት ቁጥር እስከ 2.5 ኪሎ ኸርዝ ሊዛነፍ ይችላል። ጥፋቱ የሬዲዮው አይደለም።

ስክሪኑ ላይ ያለው ስፔክትረም (የሲግናሎቹ ሥዕል) ምን ያህል ጥርት ያለ እንደሆነም እዩ። የሳምፕል ሬቱን (ዶንግሉ በሰከንድ የሚወስደውን የናሙና ብዛት) ለኤፍኤፍቲ መጠኑ (ሥዕሉን የሚሠራው ስሌት በአንዴ ለሚጠቀመው የናሙና ብዛት) አካፍሉት። 2.4 ሜጋ ኸርዝ ለ4096 ሲካፈል 586 ኸርዝ ገደማ ይመጣል። ከዚያ ያነሰ ልዩነት በዓይን አይለይም። ኤፍኤፍቲውን ወደ 262144 ብታሳድጉት ወደ 9 ኸርዝ ይወርዳል። ኮምፒውተራችሁ ከቻለ ለልኬቱ ያህል አሳድጉትና ዙም አድርጉ።

ቀጥሎ ትክክለኛነቱ የታወቀ ሲግናል ያስፈልጋል። እዚህ ላይ መራጭ ሁኑ። የኤፍኤም ሙዚቃ ጣቢያ በጣም ያጓጓል፣ በየቦታው አለና። ነገር ግን ሙዚቃው ሲጫወት ሲግናሉ ሰፊ ሆኖ ይወዛወዛል፤ መሐሉን በዓይን መያዝ አይቻልም። በአጭር ሞገድ ግን ለዚሁ ሥራ የቆሙ የሰዓት ጣቢያዎች አሉ። በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚገኘው ደብሊውደብሊውቪ በ2.5፣ በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ20 ሜጋ ኸርዝ ያሰራጫል። የቻይናው ቢፒኤም በ2.5፣ በ5፣ በ10 እና በ15 አለ። የሞስኮው አርደብሊውኤም በ4.996፣ በ9.996 እና በ14.996 ሜጋ ኸርዝ ነው። በሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የኖአ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋ ኸርዝ ድረስ ሌት ተቀን ክፍት ነው። ኤፍኤም ስለሆነ በንግግሩ መካከል ዝም ሲል ጠብቁት፤ ያን ጊዜ ካሪየሩ (ድምፁን የሚሸከመው ዋና ሞገድ) ቀጥ ያለች ቀጭን መስመር ሆና ትታያለች።

የጂኤስኤም ስልክ ማማ ካለ ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው። ማማዎቹ ፍሪኩዌንሲያቸውን በ0.05 ፒፒኤም ውስጥ እንዲጠብቁ ደረጃው ያስገድዳቸዋል። ካሊብሬት አርቲኤል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የማማውን ምልክት ፈልጎ የዶንግላችሁን ስህተት በፒፒኤም ይነግራችኋል። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ያለ ስለሆነ ልኬቱም የተሻለ ነው። በ10 ሜጋ ኸርዝ ላይ 1 ፒፒኤም 10 ኸርዝ ብቻ ነው፤ በ900 ላይ ግን 900 ኸርዝ ስለሚሆን አይሰወርም።

ተቀባያችሁ ያለ አፕኮንቨርተር አጭር ሞገድ የሚይዝ ሆኖ እዚያ ላይ የምትለኩ ከሆነ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ፣ ጆሯችሁንም ተጠቀሙ። ሞዱን አፐር ሳይድባንድ (ከቆማችሁበት ቁጥር በላይ ያለውን ሲግናል ወደ ድምፅ የሚቀይር ሞድ) አድርጉና 9.999 ሜጋ ኸርዝ ላይ ቁሙ። የ10 ሜጋ ኸርዙ ካሪየር 1000 ኸርዝ ፉጨት ሆኖ መሰማት አለበት። ስልካችሁ ላይ ባለ የድምፅ መለኪያ አፕ አነጻጽሩት። ፉጨቱ 1300 ከሆነ ተቀባዩ 300 ኸርዝ አስበልጦ ያሳያል ማለት ነው። ኤኤም ሞድ ላይ ይህን ልዩነት በጭራሽ አትሰሙትም።

አንድ ልኬት አይበቃም። አንዱን ዝቅ ካለ ፍሪኩዌንሲ፣ ሌላውን በጣም ከፍ ካለው ውሰዱ። ስህተቱ በኸርዝ ሲታይ በሁለቱም ላይ እኩል ከሆነ የሽግሽግ ስህተት ነው። ከፍሪኩዌንሲው ጋር አብሮ ካደገ የክሪስታሉ ነው። የክሪስታሉ ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የሳተውን መጠን በኸርዝ ውሰዱ፣ ለትክክለኛው ፍሪኩዌንሲ በሜጋ ኸርዝ አካፍሉ። 162.550 ላይ መሆን ያለበት ሲግናል 162.5435 ላይ ከታየ ልዩነቱ 6500 ኸርዝ ነው። ለ162.55 ሲካፈል 40 ፒፒኤም ይሰጣል።

ፕላስ ነው ወይስ ማይነስ? በአርቲኤል ድራይቨር ሲግናሉ ከቦታው ዝቅ ብሎ ከታየ ፕላስ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ግን ሊገለብጠው ስለሚችል እኔ ሁልጊዜ 10 አስገብቼ ሲግናሉ ወዴት እንደሄደ አያለሁ። ወደ ቦታው ከቀረበ መንገዱ ትክክል ነው። ድራይቨሩ የሚቀበለው ሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሆነ እስከ ግማሽ ፒፒኤም ሊተርፍ ይችላል። ያም በ100 ሜጋ ኸርዝ ላይ 50 ኸርዝ ነው፤ ለድምፅ ማዳመጥ ምንም አይደለም።

አፕኮንቨርተር ያላችሁ አሁን መልሱት። ቅደም ተከተሉን እንዳትለውጡ አደራ። ኮንቨርተሩ አጭር ሞገዱን 125 ሜጋ ኸርዝ ያህል ከፍ አድርጎ ለዶንግሉ ይሰጣል። 10 ሜጋ ኸርዝ ስትሰሙ ዶንግሉ 135 ላይ ነው ያለው፣ 5 ስትሰሙ ደግሞ 130 ላይ። ስለዚህ የዶንግሉ ፒፒኤም ስህተት በአጭር ሞገድ ሁሉ ላይ እኩል መስሎ ይታያል። ሽግሽግ ነው ብላችሁ ትታለላላችሁ። ዶንግሉን ለብቻው አስቀድማችሁ ያስተካከላችሁት ለዚህ ነው። አሁን የተረፈው ስህተት የኮንቨርተሩ ክሪስታል ብቻ ነው። በኤስዲአር ሻርፕ ከሆነ ሺፍት ላይ ማይነስ 125,000,000 ጻፉ፣ የሰዓት ጣቢያውን ፈልጉ፣ የቀረውን ልዩነት እዚያው ላይ ጨምሩ ወይም ቀንሱ። የኮንቨርተሩ ክሪስታል 20 ፒፒኤም ቢስት እንኳ 2500 ኸርዝ ነው፤ ይህ በእርግጥም የትም ቦታ እኩል ነው። የኮንቨርተራችሁ ቁጥር ከ125 የተለየ ሊሆን ይችላልና ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን እዩ። ኤስዲአር ሻርፕ ይህን ቦታ ሺፍት ይለዋል፣ ኤስዲአር ፕላስ ፕላስ ኦፍሴት (እዚያ ቁጥሩ በፕላስ ይጻፋል)፣ ጂኪውአርኤክስ ደግሞ ኤልኤንቢ ኤልኦ።

ያገኛችሁትን ፒፒኤም በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ዶንግሉ ላይ ለጥፉ። ቁጥሩ የሚቀመጠው ፕሮግራሙ ውስጥ እንጂ ዶንግሉ ውስጥ አይደለም። ሌላ ፕሮግራም ስትከፍቱ እንደገና ማስገባት አለባችሁ። ሁለት ዶንግል ያለው ሰው ደግሞ የአንዱን ቁጥር ለሌላው መስጠት የለበትም፣ አንድ ፋብሪካ የሠራቸው ቢሆኑም።

ሁሉንም አስተካክላችሁም ሁለት ቦታ ላይ ቁጥሩ የሳተ ሊመስላችሁ ይችላል። አንዱ ሞርስ ነው። በአፐር ሳይድባንድ ሞርስ ስትሰሙ ፉጨቱ 600 ኸርዝ ከሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከእውነተኛው ሲግናል በ600 ኸርዝ ያነሰ ነው። ሁለተኛው የአውሮፕላን ባንድ ነው። በ8.33 ኪሎ ኸርዝ አከፋፈል ፓይለቱ የሚጠራው የቻናሉን ስም ነው። 118.005 የተባለው ቻናል በእርግጥ የሚገኘው 118.000 ላይ ነው፤ 118.010 የተባለው ደግሞ 118.0083 ላይ። እዚያ የምታዩትን ልዩነት ለማጥፋት ብላችሁ ፒፒኤሙን እንዳትነኩት።