ራውትድና ራውቲንግ፦ ልዩነቱን በሦስት ራውተር የምናይበት ልምምድ

ቅዳሜ ቅዳሜ ለገሃር አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ኔትወርክ አስተምራለሁ። በየዙሩ ሳይጠየቅ የማያልፍ ጥያቄ አለ፦ «ቲቸር፣ ራውትድ ፕሮቶኮልና ራውቲንግ ፕሮቶኮል አንድ አይደሉም እንዴ?» ስማቸው መንታ ስለሆነ ልጆቹ አይፈረድባቸውም። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ሁለቱን ስላልለየሁ አንድ ሌሊት ሙሉ ለፍቻለሁ።

ፓኬት ትሬሰርን (የሲስኮን የኔትወርክ መለማመጃ ፕሮግራም) ከመክፈታችሁ በፊት ታክሲ አስቡ። ከፒያሳ ሜክሲኮ የሚሄድ ተሳፋሪ «ሜክሲኮ» ብሎ ይገባል፤ በየት በኩል እንደሚኬድ የሾፌሩ ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ መንገዶች ለኮሪደር ልማት ሲቆፈሩ ሾፌሮች መስኮት ለመስኮት «በዚያ አትሂድ፣ ተዘግቷል» ይባባሉ ነበር። ተሳፋሪው ወዴት እንደሚሄድ የሚታወቅበት፣ ጭነቱም የሚታሸግበት ደንብ ራውትድ ፕሮቶኮል ነው። ሾፌሮቹ ስለ መንገድ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ደግሞ ራውቲንግ ፕሮቶኮል ነው። ከመጀመሪያው ወገን ዛሬ የምታገኙት አይፒን ነው፣ ቨርሽን 4 እና ቨርሽን 6፤ ድሮ የኖቬል አይፒኤክስና የአፕል አፕልቶክም ነበሩ። ከሁለተኛው ወገን ሪፕ፣ ኦኤስፒኤፍ፣ ኢአይጂአርፒና ቢጂፒ አሉ።

አሁን ሦስት ራውተር (ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ የሚያሻግር መሣሪያ) አስቀምጡና ፒያሳ፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ በሏቸው። ፒያሳን ከለገሃር በ10.0.12.0/24 አገናኙ፤ ፒያሳ 10.0.12.1፣ ለገሃር 10.0.12.2 ይሁኑ። ለገሃርን ከሜክሲኮ በ10.0.23.0/24 አገናኙ፤ ለገሃር 10.0.23.2፣ ሜክሲኮ 10.0.23.3። ፒያሳ ሥር 192.168.10.5 የሚባል ኮምፒውተር፣ ሜክሲኮ ሥር 192.168.30.5 የሚባል ኮምፒውተር አድርጉ፤ ጌትዌያቸው (ወደ ውጭ የሚወጡበት በር) በየራሳቸው መስመር መጨረሻው 1 የሆነው የራውተሩ አድራሻ ነው። በየኢንተርፌሱ (በየኬብል መሰኪያው) እንዲከፈት «ኖ ሻትዳውን» ማለት አትርሱ።

ከፒያሳው ኮምፒውተር ወደ ሜክሲኮው ፒንግ አድርጉ፤ «አለህ?» ብሎ መልስ እንደመጠበቅ ነው። አይደርስም። ግን መልሱን ማን እንደላከው አንብቡ፤ 192.168.10.1 ነው፣ ማለትም የፒያሳ ራውተር ራሱ። ፓኬቱ (የተላከው የመረጃ ጥቅል) በትክክል ታሽጎ፣ አድራሻ ተጽፎበት ራውተሩ እጅ ገብቷል። ራውተሩ ግን 192.168.30.0 የሚባል ሰፈር አያውቅም። ራውትድ ፕሮቶኮሉ ሥራውን ሠርቷል፤ የጎደለው የመንገድ እውቀት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቸኩሎ ሪፕ ወይም ኦኤስፒኤፍ ይከፍታል። እናንተ አትቸኩሉ፤ መንገዱን በእጃችሁ ንገሩት። ፒያሳ ላይ «አይፒ ራውት 192.168.30.0 255.255.255.0 10.0.12.2» ብላችሁ ጻፉ። ሜክሲኮ ላይ ወደ 192.168.10.0 በ10.0.23.2 በኩል፣ ለገሃር ላይ ደግሞ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ጻፉ። የመልሱን መንገድ የዘነጋ ሰው ፒንጉ ለምን እንደማይመለስ ሲገርመው ይውላል። አሁን ፒንግ ይሠራል፤ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቢጠፉ አትደንግጡ፣ ራውተሮቹ የጎረቤታቸውን ማክ አድራሻ (የመሣሪያውን መለያ ቁጥር) እየጠየቁ ነው። ልብ በሉ፦ እስካሁን አንድም ራውቲንግ ፕሮቶኮል አልከፈትንም፣ ፓኬቱ ግን ከፒያሳ ሜክሲኮ ደርሷል። ለእኔ ከማንኛውም ትርጓሜ ይልቅ ልዩነቱን የሚያስረዳው ይህ ነው።

ቀጥሎ ያንን በእጅ የጻፋችሁትን (ስታቲክ) መንገድ ሁሉ ከትእዛዙ ፊት «ኖ» እየጻፋችሁ አጥፉት። ካላጠፋችሁት ሪፕ ያመጣው መንገድ ቴብሉ (የራውተሩ የመንገድ ዝርዝር) ላይ አይታይም፤ በሲስኮ ራውተር የስታቲክ ተአማኒነት ቁጥር 1፣ የሪፕ 120 ነው፣ ያነሰው ያሸንፋል። ከዚያ በሦስቱም ላይ «ራውተር ሪፕ»፣ «ቨርሽን 2»፣ «ኔትወርክ 10.0.0.0» ጻፉ። ፒያሳ ላይ 192.168.10.0ን፣ ሜክሲኮ ላይ 192.168.30.0ን ጨምሩ። ፒያሳ ላይ «ሾው አይፒ ራውት» ስትሉ ወደ 192.168.30.0 የሚወስደው መስመር [120/2] ይዞ ይመጣል። 2 ማለት ሁለት ራውተር ዘልቆ ማለት ነው። ሪፕ ከ15 በላይ አይቆጥርም፤ 16 ለእርሱ የማይደረስበት አገር ነው።

ሲሙሌሽን የሚለውን ከፍታችሁ የሚጓዙትን ፖስታዎች አንድ በአንድ ጠቅ አድርጉ። የፒንጉ ፖስታ መድረሻ 192.168.30.5 ነው። የሪፑ ፖስታ መድረሻ ግን 224.0.0.9 ነው፤ ይህ ሪፕ ቨርሽን 2 የሚናገሩ ራውተሮች ሁሉ የሚሰሙበት አድራሻ ነው። እኔ ተማሪዎቼን የማስይዘው መለያ ይኸው ነው፦ መልእክቱ ለማን ነው? ራውተሩ ለሌላ የሚያሻግረው ከሆነ በራውትድ ፕሮቶኮል የታሸገ ጭነት ነው። ራውተሩ ራሱ ከፍቶ የሚያነበው፣ ስለ መንገድ የሚያወራ ከሆነ የራውቲንግ ፕሮቶኮል ነው።

የሪፑን ፖስታ በደንብ ካያችሁት ግን እርሱም አይፒ ውስጥ ታሽጓል፤ በዩዲፒ (አይፒ ላይ በሚሳፈር የማጓጓዣ ደንብ) ፖርት 520 ነው የሚሄደው። ቢጂፒም በሌላው የማጓጓዣ ደንብ፣ በቲሲፒ፣ ፖርት 179 ይጓዛል፣ ኦኤስፒኤፍ ደግሞ በቀጥታ አይፒ ላይ የፕሮቶኮል ቁጥር 89 ሆኖ ይሳፈራል። ሾፌሮቹ ወሬያቸውን የሚለዋወጡት በዚያው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በጎረቤት ራውተሮች መካከል አይፒ ከተበላሸ እነዚህም አብረው ይወድቃሉ፤ እነርሱ ቢወድቁ ግን አይፒ በስታቲክ መንገድ ይኖራል።

ያ ሌሊት የሄደብኝ ይህን ቅደም ተከተል ባለማወቄ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ሁለት ሕንፃ የነበረው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የአንድ ክፍል ኮምፒውተሮች ሌላውን ሕንፃ አያገኙም ብሎ ጠራኝ። ኦኤስፒኤፉን አጥፍቼ ጻፍኩት፣ ደግሜ አጠፋሁት። ጎረቤት ራውተሮቹ ሁሉ «ፉል» ነበሩ (መረጃቸውን ተለዋውጠው ጨርሰዋል ማለት ነው)፣ ቴብሉም ሙሉ ነበር፤ እያየሁት አላመንኩትም። ሊነጋጋ ሲል ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ አየሁ፤ የክፍሉ ጌትዌይ የመጨረሻ ቁጥር ተሳስቶ ተሞልቷል።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ራውትዱን ነው፦ አድራሻ፣ ማስክ (ከአድራሻው የትኛው ክፍል የኔትወርኩ እንደሆነ የሚለየው ቁጥር)፣ ጌትዌይ፣ ከዚያ ጌትዌዩን ፒንግ። ያ ሲሳካ ወደ «ሾው አይፒ ራውት» እሄዳለሁ፤ መድረሻው ቴብሉ ላይ ከሌለ ብቻ «ሾው አይፒ ፕሮቶኮልስ»ንና ጎረቤቶቹን አያለሁ። በሲስኮ ራውተር ላይ አይፒ ቨርሽን 6 ከሆነ «አይፒቪ6 ዩኒካስት ራውቲንግ» መጻፉንም አረጋግጡ፤ ሳይጻፍ ራውተሩ የሌላ ሰው ፓኬት አያሻግርም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ሥሩ። ፒያሳንና ሜክሲኮን በቀጥታ በ10.0.13.0/24 አገናኙ። ቴብሉ ላይ ቁጥሩ ከ2 ወደ 1 ይወርዳል። ከኮምፒውተሩ በ«ፒንግ ሰረዝ ቲ» የማያቋርጥ ፒንግ አስጀምሩና ያንን አዲስ ኬብል አጥፉት። ፒንጉ ይቆማል። እጃችሁን ሰብስቡና ጠብቁ፤ ሪፕ መረጃውን በየ30 ሰከንዱ ነው የሚልከው። ፒንጉ ሲመለስ ቴብሉን ክፈቱ፤ በለገሃር በኩል [120/2] ሆኖ ታገኙታላችሁ።