ሐብሉ ለምን ተበጠሰ? የሉልና የዶቃ ክር ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐብል ተበጥሶ ወለል ላይ ሲበተን ሁሉም ሰው የሚሯሯጠው ዶቃውን ለመልቀም ነው። ክሩ ይጣላል። እኔ ግን ለጥገና የመጣ ጌጥ ስቀበል አስቀድሜ የምጠይቀው ክሩን ነው፤ የተበጠሰበትን ምክንያት የሚናገረው እሱ ነውና። ጫፉ እንደ ጥጥ ተንጨባርሮና ሳስቶ ከሆነ ለወራት ሲፈተግ ኖሯል ማለት ነው። በምላጭ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ከታየ ስለታም የዶቃ አፍ በልቶታል። ክሩ ሙሉ ሆኖ ጫፉ ላይ የመጠማዘዝ ምልክት ብቻ ካለ ደግሞ ቋጠሮው ተፈትቷል።

በክብደት ተጎትቶ የተበጠሰ ክር ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። እስቲ ያስሉት፦ 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ሉሎች የተሠራ 45 ሴንቲ ሜትር ሐብል ቢመዘን 30 ግራም ገደማ ነው። ይህንንማ ተራ የልብስ ስፌት ክርም አይከብደውም። ክር ገዢው ግን ሁልጊዜ የሚጠይቀው "ስንት ኪሎ ይችላል?" ብሎ ነው። ክሩ ዕድሜውን ሙሉ ከምን ጋር ሲፋተግ እንደሚኖር የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ስህተቶቹም በአብዛኛው የሚመጡት ከዚህ ነው።

በእጅ ጎትቶ መግዛት

ክሩን በሁለት እጅ ይዞ መጎተት የተለመደ ፈተና ነው። የሚፈትነው ግን በሐብሉ ላይ የማይደርሰውን ነገር ነው። የሚሻለው ፈተና ሌላ ነው፦ አንድ ጣት የሚያህል ክር ሳይሆን ስንዝር ያህል ይቁረጡ፤ ሊሰኩት ባሰቡት ዶቃ ቀዳዳ ያሳልፉት፤ ከዚያም ክሩን ዘንበል አድርገው የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ወዲህና ወዲያ 40 ጊዜ ያህል ይሳቡት። ክሩ ጠጉር ካወጣ ወይም ከሳሳ የቱንም ያህል ቢጎተት የማይበጠስ ቢሆን ለዚያ ዶቃ አይሆንም።

ቀዳዳውን ሳይለኩ ክር መምረጥ

ቀጭን ክር በሰፊ ቀዳዳ ውስጥ በቀላሉ ስለሚያልፍ ብዙ ሰው ይወደዋል። ሥራውን ያቀላል፤ ዕድሜውን ግን ያሳጥራል። ክሩ ቀዳዳውን ካልሞላው ዶቃው በለበሱት ቁጥር ይወዛወዛል፣ እያንዳንዱ ውዝዋዜም እንደ መጋዝ ነው። ትክክለኛው ውፍረት ሳይገፉት የሚያልፍ፣ ካለፈ በኋላ ግን ቀዳዳውን ሞላ አድርጎ የሚይዝ ነው።

ለሉል የሚሠራው የሐር ክር ብዙ ጊዜ መርፌው አብሮት በካርድ ላይ ተጠቅልሎ በቁጥር ይሸጣል። ቁጥር 1 ውፍረቱ 0.35 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥር 2 0.45፣ ቁጥር 4 0.60፣ ቁጥር 6 0.70፣ ቁጥር 8 ደግሞ 0.80 ሚሊ ሜትር ነው። የሉል ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ የትንንሾቹማ ከዚያም ሊጠብ ይችላል። እኔ ክሩን ደርቤ ስሠራ ከቁጥር 2፣ በነጠላ ስሠራ ከቁጥር 4 ጀምሬ እሞክራለሁ። አንድ ሉል ብቻ ሞክሮ መወሰን ግን አያዋጣም። ሉል ብዙ ጊዜ የሚበሳው ከሁለት ወገን ስለሆነ ሁለቱ ቀዳዳዎች መሃል ላይ ሳይገጣጠሙ ቀርተው ደረጃ ሊፈጥሩ ይችላሉ። አፉ ሰፊ መስሎ መሃሉ የሚያንቅ ሉል ከአንድ ዘለላ ውስጥ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን በመርፌ መግፋት ክሩን ይልጠዋል፤ በቀጭን የቀዳዳ ሞረድ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀስ እያሉ ማስፋት ይሻላል።

የክር መለኪያው ራሱ ያደናግራል። አንዱ አምራች በቁጥር፣ ሌላው በላቲን ፊደል፣ ሌላው በዴኒየር ይጽፋል። ዴኒየር ማለት የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ነው፤ ክብደት እንጂ ውፍረት ስላልሆነ ሁለት የተለያዩ ክሮች ዴኒየራቸው እኩል ሆኖ ውፍረታቸው ሊለያይ ይችላል። ማሸጊያው ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈ ነገር ካለ እሱን ይመኑ።

ቤት ውስጥ የተገኘውን ክር መጠቀም

የጥጥ ስፌት ክር ላብና ቅባት ይጠጣል፣ ይቆሽሻል፣ ጠጉር ያወጣል። ለጊዜው ዶቃውን ቢይዘውም ፍትጊያ አይችልም። ስለ እሱ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም።

የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ነገር ግን ረዘም ያለ ወሬ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ጠንካራ ይመስላል። እኔም የመጀመሪያ አምባሮቼን የሠራሁት በእሱ ነበር። ብርሃን አሳልፎ ስለሚያሳይ ያምራል፣ መርፌ አይፈልግም፣ ሲጎትቱት አይነቃነቅም። ከጊዜ በኋላ ግን ፀሐይ እያገኘው ይደርቃል፤ ከደረቀ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ቀጭ ይላል። በጥቅሉ ላይ ሳለ የያዘውን ክብ ቅርጽም አይረሳም፤ ሐብሉ አንገት ላይ ተኝቶ በመውረድ ፈንታ ተንከርፍፎ ይቆማል።

ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት ሌላ የዓሣ ማጥመጃ ክር አለ፤ ፖሊኢቲሊን ከሚባል ፕላስቲክ ጭረቶች የተጎነጎነው። እሱ እጅግ ጠንካራ ነው፣ አይለጠጥም ማለት ይቻላል፣ ስለትንም ከናይለን በተሻለ ይቋቋማል። በትንንሽ የመስታወት ዶቃ ለሚሠሩ ሰዎች ተወዳጅ የሆነውም ለዚህ ነው፤ 0.15 ሚሊ ሜትር የሚሆነው በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ሦስትና አራት ጊዜ ያልፋል። ሁለት ጠባይ ግን አለው። የሚያሟልጭ በመሆኑ ተራ ቋጠሮ ይፈታበታል፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ መደራረብ ያስፈልጋል። ሙቀትም አይወድም፤ ጫፉን በእሳት አቀልጣለሁ ያለ ሰው ከጫፉ አልፎ ቋጠሮውንም ያዳክመዋል።

ለሁሉም ዶቃ አንድ ክር

ይህ የልምድ ስህተት ነው። አንድ ክር የለመደ እጅ ሌላውን አይፈልግም።

ሐር ለሉል የተመረጠው ለስላሳ በመሆኑ፣ ቋጠሮው ትንሽና ክብ ሆኖ በመቀመጡ፣ ሐብሉም በአንገት ላይ እንደ ውሃ በመፍሰሱ ነው። ይኸው ሐር በክሪስታል፣ በብረት ዶቃ ወይም በሸካራ የድንጋይ ዶቃ ውስጥ ሲገባ ግን ዕድሜ የለውም። ከሁሉም የከፋው ቀጭን የመስታወት ቱቦ የመሰለው ዶቃ ነው፤ ጫፉ ሳይስተካከል የተቆረጠ በመሆኑ ምላጭ ማለት ነው። በእንዲህ ያለው ዶቃ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ትንሽ ክብ ዶቃ ማስገባት ክሩ በጠርዙ ላይ እንዳይታጠፍ ያደርጋል።

ለከባድ ድንጋይና ለብረት ዶቃ የሚስማማው በናይለን የተለበጠ የብረት ገመድ ነው። ውስጡ የተገመዱ ቀጫጭን የማይዝግ ብረት ሽቦዎች አሉ፤ 7፣ 19 ወይም 49 ሊሆኑ ይችላሉ። ቁጥራቸው በበዛ መጠን ገመዱ ይለሰልሳል፤ ባለ 7ቱ ርካሽ ቢሆንም አንዴ ከታጠፈ አይቃናም፣ በታጠፈበትም ይበጠሳል። ይህን ገመድ እንደ ክር መቋጠር ሌላ ስህተት ነው። የሚዘጋው በትንሽ የብረት ቱቦ ውስጥ አሳልፈው ቱቦውን በጉጠት በመጭመቅ ነው፤ ቱቦው ደግሞ ለገመዱ ውፍረት ልክ መሆን አለበት።

"እንግዲያው ሉሉንም በብረት ገመድ ብሰካው አልገላገልም?" የሚሉ አሉ። ክሩ አይበጠስም፣ እውነት ነው። ሉል ግን ልስልስ ነገር ነው፤ ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ከ2.5 እስከ 4.5 ነው የሚገኘው። ልባሱ የተላጠ ገመድ ቀዳዳውን ከውስጥ እየሞረደ ያሰፋዋል። ክር ቢበጠስ በሌላ ይተካል፤ የተበላ ሉል በምን ይተካል?

ሉልን ያለ ቋጠሮ መደርደር

ቋጠሮ ጊዜ ይበላል፣ ስለዚህ ይዘለላል። በሁለት ሉሎች መካከል ቋጠሮ ከሌለ ሉሎቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ አፋቸው ላይ ያለው ልባስ ይላጣል፤ ክሩ የተበጠሰ ዕለትም ሁሉም ይበተናሉ። ቋጠሮ ካለ የሚጠፋው ቢበዛ አንድ ነው። ቋጠሮው ወደ ቀዳዳው እንዳይሰምጥ ከቀዳዳው መብለጥ አለበት፤ ከሰመጠ ክሩ ቀጥኗልና ይደርቡት ወይም ቁጥሩን ከፍ ያድርጉ። ለ45 ሴንቲ ሜትር ሐብል ክሩን ደርበው የሚሠሩ ከሆነ 2 ሜትር ያህል ይቁረጡ። ቋጠሮ ክር ይበላል፤ መጨረሻው ላይ ሦስት ሉል ቀርቶ ክር እንደማለቅ የሚያናድድ ነገር የለም።

ክሩን ሳይወጥሩ መጀመር

ሐርም ናይለንም ይለጠጣሉ። ከካርዱ ላይ ፈትተው ወዲያው ከሠሩበት መለጠጡ ሐብሉ ከተለበሰ በኋላ ይሆንና በሉልና በሉል መካከል እርቃኑን የቀረ ክር ይታያል። ሌሊቱን ቀላል ነገር አንጠልጥለውበት ማሳደር ይበቃል፤ የካርዱም እጥፋት አብሮ ይጠፋል።

መጨረሻውን በሱፐር ግሉ ማሸግ

ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ መስታወት ይጠጥራል፤ ከመድረቁ በፊት ደግሞ በክሩ ውስጥ እየሰረገ ከቋጠሮው አልፎ ይሄዳል። የጠጠረው ክር ከለስላሳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሲታጠፍ ይሰበራል። ሲደርቅ እንደ ክሩ የሚታጠፍ ለጌጥ ሥራ የተዘጋጀ ማጣበቂያ አለ፤ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ከበቂ በላይ ነው። የመቆለፊያው የብረት ቀለበትም ክሩን በቀጥታ መንካት የለበትም። ከቀጭን ሽቦ የተጠቀለለ ስፕሪንግ የመሰለ ስስ ቱቦ ይሸጣል፤ ክሩ በዚያ ውስጥ አልፎ ቀለበቱን ሲይዝ ፍትጊያውን የሚቀበለው ሽቦው ይሆናል።

ላስቲክ ለአምባር እንጂ ለሐብል አይሆንም። እሱም ቢሆን ከመስካትዎ በፊት ደጋግመው ካልሳቡት በሳምንቱ ይላላል።

ክሩ ዘላለማዊ ነው ብሎ መርሳት

ሐር ሲረጥብ ጥንካሬው ይቀንሳል። የሉል ሐብል አድርጎ መታጠብ ወይም መዋኘት ክሩን በደካማ ሰዓቱ መጎተት ነው። ሽቶና የፊት ቅባት ሉሉንም ክሩንም ይጎዳሉ፤ ነጭ ክር ቋጠሮው ላይ ሲጠቁር ያየነው ቆሻሻ ውስጡ አሸዋ እንደያዘ ሁሉ ጭረቶቹን ይበላል። ክሩን በሰም መቀባት ለትንንሽ የመስታወት ዶቃ ይረዳል፤ ለሉል ሐር ግን አልመክርም፣ ቆሻሻ ይሰበስባል።

አዘውትሮ የሚለበስ የሉል ሐብል በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ክሩ ሊቀየር ይገባል። ካወለቁት በኋላ በለስላሳ ጨርቅ ጠርገው ያስተኙት፤ ተንጠልጥሎ ካደረ የገዛ ክብደቱ ክሩን እያስረዘመ ይሄዳል። አልፎ አልፎም ሉሎቹን አንድ በአንድ በጣትዎ ገፋ እያደረጉ ክሩን ይመልከቱ። ፍተሻውን ከመቆለፊያው አጠገብ ካሉት ይጀምሩ፤ ክሩ ቶሎ የሚያልቀው እዚያ ነው።