ከእንቆቆ ኢምቤሊንን መለየት፦ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከመድኃኒት ዕፅዋት ኬሚካል መለየት ለሚጀምር ተማሪ እንቆቆ ጥሩ መነሻ ነው። ፍሬው የኮሶ ትልን ለማስወጣት ከጥንት ጀምሮ ይወሰዳል። ዋናው ንጥረ ነገሩ ኢምቤሊን ብርቱካንማ ስለሆነ ቲኤልሲ (በስስ ሲሊካ ፕሌት ላይ ንጥረ ነገሮችን የሚለይ ፈተና) ላይ ያለ ምንም የሚረጭ ኬሚካል በዓይን ይታያል። ያም ሆኖ ብዙ ተማሪ እዚሁ ላይ ወራት ያቃጥላል። ችግሩ የሚታየው ኮለም (በሲሊካ ዱቄት የተሞላ የመለያ ቱቦ) ወይም ኤንኤምአር (የሞለኪውልን አሠራር የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ቢሆንም፣ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት በተሠራ ሥራ ውስጥ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ከመውቀሳችሁ በፊት ወደኋላ ተመልሳችሁ ፈትሹ።

ችግር፦ ኢምቤሊን ተገኘ፣ ተክሉ ግን አጠራጠረ

ከገበያ የተገዛ ደረቅ ፍሬ ለሥራ አይታመንም። ቀጨሞም ለኮሶ ትል የሚወሰድ ትንሽ ፍሬ ነው፤ እሱም ኢምቤሊን አለው። ስለዚህ ኢምቤሊን አገኘሁ ማለት እንቆቆ ነበረኝ ማለት አይደለም። ቅጠልና ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ፣ በጋዜጣ መሃል ተጭናችሁ አድርቁ። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ወስዳችሁ አስለዩ፤ የናሙና ቁጥርም ያዙ። ይህ ከሌለ የቀረው ልፋት ሁሉ ስሙ ባልታወቀ ተክል ላይ የተሠራ ይሆናል።

ችግር፦ ኤክስትራክቱ (ከፍሬው በሶልቨንት፣ ማለትም በማሟሚያ ፈሳሽ፣ የወጣው) ቅባት ሆኖ አልደርቅ አለ

ፍሬው ዘይት አለው። ትኩስ ሄክሴን ኢምቤሊኑንም ዘይቱንም አብሮ ያወጣል። እዚህ ላይ ቸኩሎ ኮለም መጫን ሲሊካ ማባከን ነው። ሄክሴኑን በሮታሪ (እያዞረ በሚያተን መሣሪያ) እስኪያንስ ድረስ ብቻ አትንኑና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ኢምቤሊን በቀዝቃዛ ሄክሴን እምብዛም ስለማይሟሟ ብርቱካንማው ደቃቅ ከታች ይቀመጣል። አጣሩት፣ በትንሽ ቀዝቃዛ ሄክሴን እጠቡት። ዘይቱ በአብዛኛው ከፈሳሹ ጋር ይሄዳል።

ችግር፦ ቲኤልሲ ላይ ጭራ እያወጣ ይሳባል

መጀመሪያ መጠኑን ቀንሱ፤ ናሙናውን አቅጥናችሁ ድገሙት። ጭራው ከቀረ ችግሩ ብዛት ነበር።

ካልቀረ ምክንያቱ የኢምቤሊን ጠባይ ነው። በኪኖን ቀለበቱ (ሁለት ኦክስጅን በድርብ ትስስር የያዘ ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት) ላይ ያሉት ሁለት ሃይድሮክሲሎች (OH) አሲዳማ ናቸው፤ ሲሊካው ውስጥ ያለውን የብረት ርዝራዥም ይይዛሉ። ሶልቨንት መቀያየር ይህን አይፈታውም። በሶልቨንቱ ላይ ጥቂት ጠብታ አሴቲክ አሲድ ጨምሩ። ለኮለም ደግሞ ሲሊካውን በ3% የኦክሳሊክ አሲድ ሙሙት ነክራችሁ፣ አድርቃችሁ ተጠቀሙ። ኪኖን የሚሠሩ ሰዎች በደንብ የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ በየማኑዋሉ አለመኖሩ ያሳዝነኛል። ከኮለሙ በኋላ ፍራክሽኑን (ተለይቶ የወጣውን ክፍል) በሴፓራቶሪ ፈነል በውሃ ማጠብ አትርሱ፤ አለዚያ ኦክሳሊክ አሲዱ አብሮ ይቀራል።

ስፖቱ (ፕሌቱ ላይ ያለው ነጠብጣብ) ኢምቤሊን መሆኑን ለማየት ፕሌቱን በአሞኒያ ጠርሙስ አፍ ላይ ያዙት። ብርቱካንማው ወዲያው ወደ ሐምራዊ ይለወጣል።

ችግር፦ ስፖቱ አንድ ነው፣ ኤንኤምአሩ ግን አልገጥም አለ

ብዙ ቴሲስ የሚቆመው እዚህ ነው። በፕሮቶን ኤንኤምአር (ሃይድሮጅኖችን በሚያሳየው) ኢምቤሊን 5.84 ፒፒኤም አካባቢ አንድ ነጠላ ፒክ አለው፤ የቀለበቱ ብቸኛ ሃይድሮጅን ነው። 2.4 አካባቢ ከቀለበቱ ጋር የተያያዘው ሲኤችቱ (CH2) አለ። 1.25 አካባቢ ያለው ትልቅ ጉብታ የረጅሙ ሰንሰለት ሲሆን 16 ሃይድሮጅን ሊኖረው ይገባል። ቆጥሩት። ከ16 በላይ ከሆነ ሁለት ተጠርጣሪ አለ።

አንደኛው ራፓኖን ነው። የኢምቤሊን ወንድም ነው፤ ሰንሰለቱ በሁለት ካርቦን ይረዝማል። በተራ ሲሊካ አብረው ስለሚሄዱ አንድ ስፖት ይመስላሉ። ሁለተኛው የመስታወት መገጣጠሚያ ላይ የሚቀባው ግሪስ ነው፤ ፒኩ እዚያው 1.26 ላይ ተደብቆ ይቀመጣል። የሚለያቸው የሞለኪውል ክብደት የሚያሳየው ማስ ስፔክትረም ነው። ኢምቤሊን 294፣ ራፓኖን 322 ነው። 322 ከታየ በሲ18 ሪቨርስ ፌዝ (ባለ 18 ካርቦን ሰንሰለት በተለበጠ ሲሊካ) ለዩአቸው። ካልታየ ግሪስ ነውና ናሙናውን መልሳችሁ አጥሩት፣ ቀጣዩን ሥራ ያለ ግሪስ ሥሩ።

7.5 እና 7.7 ላይ ፒክ ካያችሁ፣ ማሱ ላይም 149 ከታየ፣ ፕታሌት (ፕላስቲክ የሚያለሰልስ ኬሚካል) ነው። ከፕላስቲክ ዕቃ የሚመጣ እንጂ የተክሉ አይደለም። አዲስ ንጥረ ነገር አገኘሁ ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው። 500 ሚሊ ሊትር ሶልቨንት ብቻውን አትንናችሁ የቀረውን ብታዩ ጥርጣሬው ያልቃል። ሶልቨንቱን በዲስቲሌሽን (አትንኖ መልሶ በማቀዝቀዝ) አጥርታችሁ በመስታወት ጠርሙስ ብቻ አስቀምጡ።

ችግር፦ በካርቦን ኤንኤምአር ካርቦን ጎደለ

ኢምቤሊን 17 ካርቦን አለው። ቀለበቱ ላይ ኦክስጅን የተሸከሙት አራቱ ግን ሊደበዝዙ ወይም ጨርሶ ላይታዩ ይችላሉ። ሃይድሮጅኑ ከአንዱ ኦክስጅን ወደ ሌላው በፍጥነት ስለሚዘዋወር ነው። ናሙናው አልተበላሸም። ሃይድሮክሲሎቹን በአሴቲክ አንሃይድራይድ አሴቲሌት አድርጋችሁ መልሳችሁ አንሱት፤ ዝውውሩ ሲቆም የጠፉት ካርቦኖች ይወጣሉ። የመቅለጫ ነጥቡ ደግሞ ከ142 እስከ 143 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት፤ ዝቅ ብሎ ሰፋ ካለ ክሪስታሉን እንደገና አጥሩት።